ጫማ ያስወለቀን ማዘጋጃ ቤት

ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት በወንበሮቼ ምክንያት ነው። ይህን በመጀመሪያ የተናገረችው ባለቤቴ ናት። እኔ ግን ለሐሳቤ ተፈልጌ እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አምኜ ነበር።

የምንኖርባት ከተማ ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚጫንባት ትንሽ ከተማ ናት። እኔ ከመተማ ተሻግሬ እዚህ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ልጆቼ ተወልደው አድገዋል። ሲጣሉ በዐረብኛ ነው፤ እናታቸውን አንድ ነገር ሊለምኑ ሲፈልጉ ደግሞ አማርኛቸው ይመለሳል። በሱቄ ድስት፣ ባልዲና ትሪ እሸጣለሁ። ከጓሮ ለሠርግና ለለቅሶ የማከራያቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አሉኝ። ወንበር የሚያከራይ ሰው የማይገባበት ቤት የለም። ስማቸውን እንኳ ሳላውቅ ለቅሷቸው ላይ እስከ ማታ የተቀመጥኩ ሟቾች ብዙ ናቸው።

ከከተማው መሀል የድሮ ማዘጋጃ ቤት አለ። እንግሊዞች በነበሩበት ዘመን የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱም ሰፊ በረንዳ። ሱዳኖቹ መጅሊስ ይሉታል፣ ምክር ቤት ማለታቸው ነው። አስተዳደሩ ወደ አዲሱ የብሎኬት ሕንፃ ከተዛወረ ወዲህ ቤቱ ተዘግቶ ቆየ። ከውስጥ የሌሊት ወፎች ሰፈሩበት፣ ከውጭ ደግሞ አንዲት የአርማጭሆ ሴት በረንዳው ላይ ምድጃዋን ተክላ ሻይ ትሸጥበት ጀመር። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከጎንደር ቆላ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች እዚያው በረንዳ ላይ ያድራሉ። ሻይም፣ የአገር ወሬም፣ የሚቀጥራቸው ሰውም የሚገኘው ከእሷ ዘንድ ነው።

አንድ ቀን የአንድ የእርዳታ ድርጅት ሰው መጣና ቤቱን አይቶ በጣም ወደደው። ድንጋዩን እየዳሰሰ እንዲህ ያለ ቅርስ መጥፋት የለበትም፣ እኛ እናድሰዋለን፣ ለምን እንደሚውል ግን ሕዝቡ ራሱ ከዝናቡ በፊት ይወስን አለ። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ተወስኖ ሲነገረን የኖርን ሰዎች ነን። ወስኑ ስንባል ደነገጥን።

ሰብሳቢ የሆኑት ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ኡስታዝ እንላቸዋለን። የከተማው ሰው ግማሹ በእሳቸው አለንጋ ያደገ ነው። ቲማቲም ሲገዙ እንኳ የሚናገሩት የመጽሐፍ ዐረብኛ ስለሆነ፣ አትክልት ሻጮቹ ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ ቆመው ያዳምጧቸዋል። እኔ ሱቅ ድረስ መጥተው ከሐበሾች ወገን አንድ የተከበረ ሰው ኮሚቴው ውስጥ እንዲኖር መታሰቡን ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ከወጡ በኋላ አንገታቸውን መለስ አድርገው፣ ስትመጣ ወንበሮችህን ይዘህ ና አሉ። ባለቤቴ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሳቀች።

የመጀመሪያው ስብሰባ ከቤቱ ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሆነ። ኡስታዝ ቤቱ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ይሁን አሉ። ሙዚየሙ ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ ሲጠየቁ የድሮውን የትምህርት ቤት ደወል፣ የራሳቸውን የመጀመሪያ ኮትና ሌሎች ቤታቸው ያሉ ዕቃዎችን ዘረዘሩ። ሚስታቸው ከቤት ይውጣልኝ ያለቻቸውን ሁሉ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፣ እሳቸውም ሳያውቁት አልቀሩም።

ቀጥሎ የተናገረው ሓጁ የምንለው ሰው ነው። ትልቅ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ከእኔ ጋር እኩያ ስለሆንን እንቀላለዳለን። እጀታ ያለውን ብቸኛ ወንበር ቀድሞ ይዞ፣ "ታሪክ፣ ታሪክ ትላላችሁ። የዚህች ከተማ ታሪክ ሰሊጥ ነው። ሰሊጡን እዚያ ውስጥ እናስቀምጠው፤ ታሪኩ ተጠበቀ ማለት ነው" አለ። መጋዘኑ እንደሚያፈስበት የማያውቅ አልነበረም።

እኔ በበኩሌ ለወጣቱ ትውልድ፣ ለባህልና ለአንድነት የሚሆን የሠርግ አዳራሽ ቢሆን አልኩ። ስለ አንድነት ረዘም አድርጌ ተናገርኩ። ሁሉም አንድ ጊዜ የተቀመጡበትን ወንበር፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

ድርጅቱ ከገዳሪፍ የላከው መሐንዲስ ደግሞ ዕቅዱን ከስልኩ አሳየን። በሥዕሉ ላይ ቤቱ ግማሹ መስታወት ሆኗል፣ ከፊቱ የሚያምር ሣር አለ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ፍየሎች ስልኩን አለማየታቸው ደግ ሆነ። ችግሩ በረንዳው ላይ ነበር፤ መሐንዲሱ በረንዳውን በግድግዳ ዘግቶ ሦስት ቢሮ አድርጎታል። ሻይ ሻጯ ትሪዋን ይዛ ከኋላው ቆማ ነበርና አየች። ያን ቀን የመጣልን ሻይ ስኳር አልነበረውም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልነበረውም። ሓጁ ያለ ስኳር ውሃም የማይጠጣ ሰው ስለሆነ ምን ሆነሻል ብሎ ጠየቃት። እሷም ስኳሩን ለቢሮዎቹ እያስቀመጠች መሆኑን በትሕትና ነገረችው። በረንዳው ከዕቅዱ የወጣው በአንድ ድምፅ ነው። እስካሁን ያ ኮሚቴ ያለ ክርክር የወሰነው እሱን ብቻ ነው።

እንዲህ እየተከራከርን ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተነሣ። አውቶብሶች ሰው ጭነው ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍም ወደ እኛ ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ወንበሮቼን ጭኜ ወደ ስብሰባ ስሄድ፣ የመጅሊሱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በረንዳው ላይ ፍራሽ፣ ሻንጣና አንድ ማቀዝቀዣ ተቆልሏል። አስተዳደሩ ጥቂት ቤተሰቦችን እዚያ አስገብቶ ነበር። እኛ ለምን ይዋል ስንል ቤቱ ለሰው ዋለ።

ኮሚቴው ግን ስብሰባውን አላቋረጠም። ማቋረጥ እንዳለብን ለማሰብ እንኳ የደፈረ አልነበረም፤ የእርዳታው ሰው ከዝናቡ በፊት ብሏል። ስለዚህ እኛ ከዛፉ ሥር ስለ ሙዚየም እንነጋገራለን፣ ከቤቱ ውስጥ ደግሞ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽንኩርት ይጠበሳል።

መሐንዲሱ ቤቱን ከውስጥ መለካት አለብኝ ሲል ሁላችንም ተነሥተን አብረነው ሄድን። እሱ ሜትሩን ይዞ ከፊት፣ ኡስታዝ በትራቸውን ይዘው ከኋላ። በሩ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ኡስታዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ማነው?" አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

"የመጅሊሱ ዕድሳት ኮሚቴ ነን" አሉ ኡስታዝ።

"ሴቶቹ እስኪሸፋፈኑ ቁሙ።"

ቆምን። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነበር። ቆይቶ መጋረጃው ተገለጠና ወፈር ያሉ፣ ቶብ የሚሉትን ቡናማ መጎናጸፊያቸውን በትከሻቸው ያጣፉ ሴት ብቅ አሉ። ፊታችንን አላዩም፤ ያዩት እግራችንን ነው።

"ወለሉ አሁን ነው የታጠበው" አሉ። "ጫማ ከውጭ።"

ኡስታዝ በሕይወታቸው ስንቱን ተማሪ ጭቃ ጫማህን አውልቅ ብለው ከበር መልሰዋል። አሁን ራሳቸው ጎንበስ ብለው ክራቸውን ሲፈቱ ማየት ለእኔ ብዙ ነበር። የመሐንዲሱ ካልሲ ከአውራ ጣቱ በኩል ተቀዶ ስለነበር እዚያ ውስጥ እስካለን ድረስ አንዱን እግር በሌላው ላይ አድርጎ ቆመ።

ውስጡ ተለውጧል። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተዘርግቶ አንሶላ ተሰቅሎበት ቤቱ በክፍል በክፍል ተከፍሏል፤ አንገረብ አልጋዎች ተደርድረዋል። እንግሊዙ ሹም ተቀምጦ ይፈርድበት የነበረው ከፍ ያለ መድረክ ወጥ ቤት ሆኗል። የሌሊት ወፎቹን ሴትየዋ እንዴት እንዳስወጧቸው አልጠየቅኩም፤ የሴትየዋን ድምፅ ሰምቻለሁ። ሁላችንም ሓጃ እንላቸው ጀመር፤ መካ ሄደው እንደሆነ የጠየቀ የለም።

መሐንዲሱ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ይህን ግድግዳ ከፍተን በመስታወት ብናደርገው ብሎ ማስረዳት ጀመረ።

"ልጄ" አሉ ሓጃ፣ "እዚያ የምተኛው እኔ ነኝ። መንገደኛው ሁሉ ስተኛ እንዲያየኝ ነው?"

መስታወቱ ቀረ። ከዚያ የሎሚ ውሃ በብርጭቆ ቀረበልን። ጠጣን፤ አላህ ይስጥልን ብለን አመሰገንን፤ ወጥተን ጫማችንን አደረግን። ግቢው ከደረስን በኋላ ነው አንድ ግድግዳ እንኳ ሳንለካ መውጣታችን ትዝ ያለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሓጃ ስብሰባችንን በመስኮት ሆነው ይከታተሉ ጀመር። ኦምዱርማን ውስጥ የራሳቸው የሠርግ አዳራሽ የነበራቸው ሴት መሆናቸውን ያወቅነውም በዚህ ጊዜ ነው። እኔ ያን ጊዜ በሐሳቤ ላይ ጠንክሬ ነበር። ስለ ሠርግ አዳራሹ ስናገር ከመስኮቱ ድምፅ መጣ።

"ሙሽራዋ በየት ትገባለች?"

"በበሩ" አልኩ።

"እንግዳውስ?"

"በበሩ።"

"ወጡስ ከወጥ ቤት በየት ይመጣል?"

ቤቱ አንድ በር ብቻ እንዳለው ያን ጊዜ አስተዋልኩ። "በበሩ" ብዬ ተቀመጥኩ።

ዝናቡ ኮሚቴውን ሳይጠብቅ መጣ። የገዳሪፍን ጥቁር መሬት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ከረጠበ የያዘውን ጎማ አይለቅም። የሓጁ መኪና ከመጋዘኑ የወጣውን የአምና ሰሊጥ ጭኖ በመጅሊሱ በር ላይ ሲያልፍ ጭቃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መሸፈኛው ሸራ ቀዳዳ ነው። ሓጁ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ሓጃ ከበረንዳው ላይ፣ ምን ትጠብቃላችሁ አስገቡት እንጂ ሲሉ ነው ሁሉም የተንቀሳቀሰው። በረንዳው ላይ የነበሩት ሠራተኞች ጆንያውን ይሸከሙ ጀመር፤ እኔም ተሸከምኩ፣ የካርቱም ሰዎችም ተሸከሙ። መሐንዲሱ እንኳ ተሸከመ። ኡስታዝ በበትራቸው የሚቀመጥበትን ያሳያሉ፤ ሓጃ ደግሞ በእግራቸው መሬት ላይ መስመር ሠርተው ከዚህ አይለፍ ይላሉ። ያን ዕለት ጫማ ማንም አላስወለቀንም።

መንገዱ እስኪደርቅ ሰሊጡ እዚያው ቆየ። ሰዎቹ በጆንያዎቹ መሀል ይተኛሉ፤ ቤቱ በሙሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ሸተተ። ሓጁ አሸነፍኩ ብሎ አሰበ። አያችሁ፣ መጋዘን ለመሆን የተፈጠረ ቤት ነው አለን። ለጥበቃ ሾፌሩን ተወው፤ ሾፌሩ የወንድሙ ልጅ ነው፣ ዕድሜው ለትዳር የደረሰ ጸጥ ያለ ጎልማሳ። በረንዳው ላይ ያድራል፤ ቀን ቀን ጆንያዎቹን ሊያይ ይገባል። ጠዋት ይገባል፣ ከምሳ በኋላ ይገባል፣ ከመግሪብ ሶላት በፊትም ይገባል፤ ሲገባ ደግሞ ሸሚዝ እየለወጠ ነው።

ሻይ ሻጯ አንድ ቀን ብርጭቆዬን ስታነሣ ጎንበስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ልጅ የሚጠብቀው ሰሊጡን አይደለም" አለችኝ።

ሓጃ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው። ታላቂቱ ነርስ ናት፤ ከተማው ጤና ጣቢያ ትረዳ ነበር፤ ሸሚዙ የሚለወጠው ለእሷ ነው። ሓጁ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ሱቅ መጣ፣ ትሪዎቹን እያነሣ እያስቀመጠ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ልጁ ካለሷ አላገባም ብሏል፣ ከኡስታዝ ጋር ሆናችሁ ጠይቁልኝ አለ። እነዚያን ሰዎች ከመጅሊሱ በቶሎ እንዲያስወጣ ለአስተዳደሩ ባለፈው ሳምንት አቤት ያለው እሱ መሆኑን ሓጃም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ማወቃችንን ያውቃል።

ሄድን። ሓጁም አብሮን ነበር፤ ጫማችንን ሳንጠየቅ አወለቅን። ኡስታዝ በመጽሐፍ ዐረብኛቸው አሳምረው ጠየቁ፤ ሓጃ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ወደ ሓጁ ዞሩ። "ልጄን ልስጥ" አሉ፣ "ለመሆኑ አማች ሆነህ በምን ዓይንህ ነው ጎዳና ላይ የምታወጣኝ?"

ሓጁ የወለሉን ምንጣፍ አየ። ምንጣፉ ላይ ያለውን አበባ ሁሉ ያየው ይመስለኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ግን ተነሥቶ፣ ወደ ዛፉ እያየ፣ ሰሊጥ ሌላ ቦታም ይቀመጣል አለ።

ሠርጉ እዚያው ውስጥ ሆነ። ሰሊጡ ሄዶ ወንበሮቼ ገቡ። ሓጃ እንደተናገሩት ሁሉ ሆነ፤ በአንዱ በር እንግዳ ሲገባ ወደ ግቢው ወጥ ይወጣል፣ የወጡ ትሪ ሲመለስ ሙሽራዋ ትደርሳለች። ሙሽራዋ ትልቁ ትሪ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ሂና የተቀባ እጇን ከፍ አድርጋ በረንዳው ላይ ቆመች፤ የእኛ አገር ሠራተኞች እያጨበጨቡ ዘፈኑላት፤ የሚሉት አልገባትም፣ ግን ሳቀች። ወደ ውስጥ ስገባ ሓጃን መድረኩ ጥግ፣ ከድስቶቹ ኋላ አገኘኋቸው። ስልክ ይዘው ነበር። ካርቱም የቀረችው እህታቸው መስመር ላይ ናት፤ ሠርጉን በስልክ እያሰሟት ነው። ስንቱን የሰው ልጅ የዳሩ ሴት፣ የራሳቸውን ልጅ ሠርግ በውሰት ወንበርና በአንድ በር ሲደግሱ ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው አልነገሩኝም። ስልኩን እንደያዙ፣ እኔን ሲያዩ ብቻ፣ ወንበሮችህ ልብስ ያስፈልጋቸዋል፣ ያስጠላሉ አሉኝ።

የእርዳታው ሰው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ውሳኔያችሁ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ኡስታዝ ተነሥተው፣ ጣሪያው ይጠገን፣ ሽንት ቤትና ሁለተኛ በር ይሠራ፣ ሰዎቹ እስኪመለሱ ድረስ ይኑሩበት፣ በኋላ የሚሆነውን በኋላ እንወስናለን አሉ። ሰውየው ተቸገረ። የእነሱ ሥራ ቅርስ ማደስ እንጂ መኖሪያ መስጠት እንዳልሆነ፣ ቤቱ ለመታደስ መጀመሪያ ባዶ መሆን እንዳለበት በጨዋ ደንብ አስረዳ። ሓጃ እንኳ ዝም አሉ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ለመናገር አላሰብኩም ነበር። "እኔ መጀመሪያ እዚህ ከተማ ስመጣ ያደርኩት በዚህ በረንዳ ላይ ነው" አልኩ። "ለአጨዳ ነበር የመጣሁት። ከገላባት እስከዚህ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ፣ ሰው አላውቅ፣ ቋንቋ አላውቅ። ያን ጊዜ ቤቱ ቢሮ ነበር። ዘበኛው አየኝና ውጣ አላለኝም፤ እንዳልረጥብ ወደ ግድግዳው ጠጋ በል አለኝ። ቤቱ ቅርስ ነው ስትለኝ እኔ የማውቀው ይህን ነው።"

እንዲህ ያለ ነገር በስብሰባ ላይ ተናግሬ ስለማላውቅ ላብ አጠመቀኝ። ኡስታዝ እንደ ጎበዝ ተማሪ አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውየው ትንሽ አሰበና ከአለቆቹ ጋር እንደሚነጋገር ነግሮን ሄደ። ለምን እንደተስማሙ አላውቅም፤ ብቻ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቆርቆሮ ጭኖ መኪና መጣ።

እዚህ ላይ ሁሉም በሰላም ያለቀ ይመስላል፤ ግን ገና የቆርቆሮው ቀለም አለ። ኡስታዝ አረንጓዴ ይሁን አሉ፣ ሓጁ ሰማያዊ፣ ሓጃ ነጭ። ለዚህ ብቻ ከዛፉ ሥር ብዙ ቅዳሜዎች አለፉ። ሠራተኞቹ ግን ክርክሩን መጠበቅ ሰልችቷቸው ቆርቆሮውን እንዳለ መቱት። ቀይ ነበር። ማንም ቀይ አላለም፤ አሁን ግን ከዶካ መንገድ ሲመጡ ከሩቅ የሚታየው እሱ ነው፤ ሦስቱም ለእንግዳ ሲያሳዩ እኛ የመረጥነው ይላሉ።

ከቤተሰቦቹ ጥቂቶቹ መንገዱ ሲከፈት ተመልሰዋል፤ ጥቂቶቹ ቤት ተከራይተው ከተማው ውስጥ ቀርተዋል፤ ያልሄዱም አሉ። ሓጃ ኦምዱርማን ደርሰው አዳራሻቸውን አይተውታል። ጣሪያ የለውም። ሲመለሱ ስለሱ ብዙ አላወሩም፤ አያት ሊሆኑ ስለሆነ እዚሁ ቆዩ። ነጻ በሆነው የአዳራሹ ግማሽ ሐሙስ ሐሙስ ሠርግ ያካሂዳሉ፤ ሙሽራዋ በአዲሱ በር ትገባለች። ኡስታዝ ከበረንዳው ጫፍ መጽሐፍ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ተሰጥቷቸዋል። ኮታቸውም እዚያ ተሰቅሏል፤ ዝናብ ሲመጣ ሻይ ሻጯ አንዳንዴ ትለብሰዋለች፣ እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

ኮሚቴው መበተን ነበረበት። የበተነው ግን የለም። ቅዳሜ ሲመጣ ሁላችንም ወደ ዛፉ እንሄዳለን፤ ሓጃም አሁን ከመስኮቱ ወርደው ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ፤ ድምፅም አላቸው። ባለፈው ሳምንት የተነሣው ጉዳይ አንድ ነጋዴ በስጦታ ስላመጣው የግድግዳ ሰዓት ነው። ኡስታዝ ከዋናው በር በላይ ይሰቀል፣ ሰው ሰዓቱን አክብሮ ይግባ ይላሉ። ሓጃ ወጥ ቤት ነው መሰቀል ያለበት፣ ወጡን የሚያሳርረው ሰዓት አለማየት ነው ይላሉ። ሓጁ ደግሞ አማቱን ሓጃን ላለመቃወምም፣ ለእሳቸው የተገዛ ላለመምሰልም ሲል ጉዳዩ ጥናት ያስፈልገዋል አለ። የእኔን ሐሳብ ሲጠይቁኝ የከሰዓቱ የአስር አዛን ተሰማ፤ ተነሥተን ለሶላት ሄድን። ሰዓቱ እስካሁን ከነካርቶኑ ሻይ ሻጯ ዘንድ ነው።